የነፋስ ተሟጋቹ ጫማ

ቢሮ ውስጥ «ነፋሱ» ይሉኛል። ስሙ የወጣልኝ በሥራዬ ይመስለኝ ነበር፤ የኃይል ማመንጫ ዕቅድ ክፍል ውስጥ የነፋስን ወጪ የማሰላው እኔ ነኛ። ስንት ማማ ይተከል፣ ማማው ስንት ይፈጃል፣ በመጨረሻ ሰው ቤት ለሚደርሰው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ይከፈል፣ ቀኑን ሙሉ የምደምረውና የማካፍለው እሱን ነው። ስሙ ከሥራዬ ሳይሆን ከአፌ የመጣ መሆኑን የሰማሁት ግን ፎቁ ሁሉ ካወቀው በኋላ ነው። ስለ ራሴ የሚወራውን ሁልጊዜ መጨረሻ የምሰማው እኔ ነኝ።

ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የኑክሌሩ ጠረጴዛ አለ። እዚያ የምትቀመጠው ሚስቴ ናት። አዎ፣ የተዋወቅነውም እዚያው ነው። እሷ የኑክሌር ጣቢያ ምን ያህል እንደሚፈጅ ታሰላለች፤ እኔ ደግሞ ውድ ነው፣ ውድ ነው እያልኩ ለፎቁ አሰማለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ስንጨቃጨቅ ከረምንና ጭቅጭቁ አላልቅ ሲል ተጋባን። እኔ ስተርከው እንዲህ ነው። እሷ ስትተርከው ልመናም አለበት፤ የለመንኩት እኔ ነኝ፣ ደጋግሜም ነው።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሲያነቡ ኖረው ዓይናቸው ከዳቸው። አሁን የቀራቸው ብርሃን ያለበትንና የሌለበትን መለየት፣ ሰው ብርሃን ላይ ሲቆም ደግሞ ጥላውን ማየት ብቻ ነው። አመሻሹ ላይ ካልተነበበላቸው ቀኑ የዋለ አይመስላቸውም። ችግሩ ሚስቴ የወሩን ግማሽ ቤት የለችም። የመስክ ሥራ የሚባል ነገር አለባት፤ ጣቢያ ሊተከልበት የታሰበውን ቦታ ሁሉ እየዞረች አፈሩን፣ ውኃውንና መንገዱን ታያለች። እሷ ስትሄድ አንባቢው እኔ ነኝ። ግን እያነበብኩ አስተያየት እሰጣለሁ፤ ደራሲው ካለው እኔ የምለው ይበልጣል። አንድ ቀን አማቴ መጽሐፉ የት እንደሚያልቅና እኔ የት እንደምጀምር መለየት አቅቷቸው በጨዋ ደንብ ራሴን አሞኛል ብለው ተነሡ።

በቤታችን አንድ ሕግ አለ፤ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። የቢሮ ነገር ከበር አይገባም። ሕጉ የወጣው እኔና ሚስቴ እራት ላይ ስለ ብድር ወለድ ተጨቃጭቀን ሳህን ከሰበርን በኋላ ነው። ሳህኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በእጄ እየለካሁ የማማ ቁመት ሳሳይ ነበር። ሁለታችንም ቃል ገባን፣ ሁለታችንም አክብረነዋል።

እንግዲህ አለቃችን ጡረታ ሊወጡ ሆነ። የእሳቸው ቦታ የመስክ ሥራ የለበትም፤ ሰውየው ጠዋት ገብተው አመሻሹ ላይ ቤታቸው ናቸው። ሚስቴ ለቦታው ስትወዳደር ምክንያቷን አልደበቀችም። «የእናቴ ዓይን ጨርሶ ሳይጠፋ ቤት መገኘት እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔም አቀፍኳት፣ ይገባሻል አልኳት፣ ከልቤ ነበር። በማግስቱ ሄጄ እኔም ተወዳደርኩ። ለምን ብትሉኝ፣ የአለቃችን ወንበር ይሽከረከራል። ደግሞ ብቻዋን ተወዳድራ ከምታሸንፍ እኔን አሸንፋ ብትይዘው ክብሩ ይበልጣል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ራሴን ማሳመን ለእኔ ቀላል ነው፤ አድማጩ ሁልጊዜ ይስማማል። ሚስቴ ስትሰማ እንግዲህ በርታ አለችኝ።

አለቃችን በሥራ ዘመናቸው አንድ የማይለቁት ልማድ ነበራቸው፤ «ሙግት» ይሉታል። ሁለት የኃይል ዓይነት ሲወዳደር ሁለት ሰው በየፊናው የወጪ ጥናት ያዘጋጃል፤ ጥናቶቹ ላይ ስም አይጻፍም። ከዚያ ይለዋወጣሉ። የነፋሱን ያዘጋጀው ለኑክሌሩ ይሟገታል፣ የኑክሌሩን ያዘጋጀችው ለነፋሱ ትሟገታለች፤ ከውጭ የመጣ ኮሚቴ ፊት። የተቀበሉትን ጥናት አንዲት ቁጥር መንካት ክልክል ነው። ያዩትን ቀዳዳ ለሌላው ሹክ ማለትም ክልክል ነው፤ ቀዳዳ ካለ እዚያው አደባባይ ላይ ይገኝ ባይ ናቸው። ይህ ጥናት የኔ ነው ያለ ደግሞ ከውድድሩ ወጣ ማለት ነው። ሰው የራሱን ሥራ ሲወድ ዓይኑ አያይም የሚል እምነት ነበራቸው። ይህን ሲሉ ለምን ሁልጊዜ እኔን እንደሚያዩ አይገባኝም ነበር።

የነፋስና የኑክሌሩ ሙግት የመጨረሻቸው ነው፤ ቦታውም ኮሚቴው በሙግቱ ለመሰከረለት ሰው እንዲሰጥ ወሰኑ።

ዓርብ ዕለት ተለዋወጥን። የሚስቴን ጥናት ይዤ ቁጭ አልኩና እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩት። ያበሳጫል። ስለ ኑክሌር መጥፎ የሚባለውን ሁሉ እሷው ቀድማ ጽፋዋለች። ግንባታው ቢዘገይ ብድሩ የሚወልደው አለ። ያገለገለው ነዳጅ ለዘመናት የሚቀመጥበት አለ። ጣቢያው ስድሳ ዓመት ሠርቶ ሲያበቃ የሚፈርስበት ወጪ አለ። ሁሉም በየመስመሩ ተቆጥሯል፤ በዚህም ምክንያት የኑክሌሩ ዋጋ አናት ላይ ወጥቷል። ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ይጽፋል? የኔ ግን፣ የኔ ጥናት ውብ ነበር። የነፋሱ ዋጋ የኑክሌሩን እኩሌታ አይሞላም። ሽፋኑም ሰማያዊ ነው።

እሑድ ምሳ እየበላን ሚስቴ እንደ ዘበት ስለ ጫማዬ አነሳች። ሶሉ አፉን ከፍቷል፣ ለምን ሌላ አትገዛም አለች። ጫማው ርካሽ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ነው የገዛሁት አልኳት፤ የእሷ የዚህን ሦስት እጥፍ ነው ያወጣው፣ ያኔም ነግሬያት ነበር። እሷ የእሷን የገዛችው ከተጋባን ሰሞን ነው፣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ዛሬም እግሯ ላይ ነው። ሹካዋን አስቀመጠች፤ በደንብ አየችኝ።

«አንድ ጊዜ ገዝተህ ስድስት ዓመት የሄድክበት ይመስልሃል» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ ነው እኮ የገዛኸው።»

እኔም ተቆጣሁ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ገበታዬ፣ በገዛ ጫማዬ እንደ ቆጣቢ ሳይሆን እንደ ቋጣሪ መቆጠሬ አናደደኝ። ርካሽ ርካሽ ነው፣ ዋጋው ላይ ተጽፏል፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው አልኩ። ሚስቴ ደግማ ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። አማቴ ውኃ እየጠጡ ትን አላቸው፤ ጀርባቸውን መታ መታ አደረግኋቸው። አሁን ሳስበው ትን አላላቸውም፣ ሲስቁ ነው። ከምሳ በኋላ ሶሉን በማስቲሽ አጣበቅሁት፤ ቀለም ቀባሁት፤ ለሚስቴም እያሳየሁ አለፍኩ። ለሰኞ ሙግት ያደረግሁትም እሱኑ ነው፣ እልህ ይዞኝ።

ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ አይደለም፤ ከካፍቴሪያው በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ከታች ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። ኮሚቴው ረጅሙ ጠረጴዛ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ተደረደረ። ሰብሳቢዋ ነገር ሲጥማቸው መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሴት ነበሩ። አለቃችን መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። እኔና ሚስቴ ግራና ቀኝ ቆምን። ቤት «አንተ ሰውዬ» የምትለኝ ሴት እዚያ «ተከራካሪው ወገን እንዳሉት» ስትለኝ ኮራሁ።

የኑክሌሩ ተራ ሲደርስ ላብ ሳይወጣኝ አለፍኩ። የሚጠይቁኝ ሁሉ ሚስቴ ጽፋው ተገኘ። ቢዘገይስ ሲሉኝ ገጹን እገልጣለሁ፤ ነዳጁስ ሲሉኝ ገጹን እገልጣለሁ። ሰብሳቢዋ እንዲህ ራሱን የማይደብቅ ጥናት አይቼ አላውቅም አሉና ወደኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም እንደ ባለቤቱ ሆኜ እጅ ነሣሁ።

ነፋሱ ላይ ግን ጨነቀኝ። ሚስቴ ለኔ ጥናት እኔ ራሴ ከምሟገተው አብልጣ ተሟገተችለት። ነፋስ የማይነፍስበት ቀንስ ብዬ አጠቃሁ፤ መጠባበቂያው የተያዘበትን መስመር አሳየችኝ። የማስተላለፊያው ሽቦስ አልኩ፤ ሽቦውም አለ። የገዛ ጥናቴ ግንብ ሆኖ ቆመብኝ፤ መኩራት ይሁን መናደድ ያለብኝ አላወቅሁም። ወንበሩ ከእጄ ሲያመልጥ ይታየኛል። በዚህ መሃል ከኮሚቴው አንዱ፣ ሲያንቀላፋ የቆየ ሰው፣ ማማው ስንት ዓመት ይቆማል ብሎ ጠየቀ።

«ሃያ አምስት» አለች ሚስቴ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ቀና ብላ እኔን ብቻ አየች።

ጥናቱን ገለጥኩት። ንጽጽሩ የተሠራው ለስድሳ ዓመት ነው፤ የኑክሌሩ ዕድሜ ያ ስለሆነ። ማማው ሃያ አምስት ዓመት ይቆማል። የማማው ዋጋ ግን የተቆጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከሃያ አምስተኛው ዓመት በኋላ እስከ ስድሳ ድረስ ያለው መብራት ከየት እንደሚመጣ ጥናቱ ምንም አይልም። ማማው ወድቋል፣ ዋጋው ግን እየተካፈለ ነው።

ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ጥናቱ የማን ነው የሚለው ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጨርሶ ጠፋ። ያየሁት ቀዳዳውን ብቻ ነው፤ ከቀዳዳው ወዲያ ደግሞ የሚሽከረከረውን ወንበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እጄን ዘረጋሁ። ክቡራን አልኩ፣ ይህ ስህተት አይደለም፣ ይህ ድፍረት ነው አልኩ። ይህን ያሰላ ባለሙያ ለመሆኑ ክፍልፋይ የተማረው የት ነው አልኩ። ኮሚቴው ፈገግ ሲል ባሰብኝ፤ የሚስቅ ሰው ፊት እኔን ማቆም አስቸጋሪ ነው። አለቃቸው ማን እንደሚሆን የእንጀራ ነገር ሆኖባቸው ሌሎቹም ሠራተኞች በር ላይ ቆመው ሲስቁ ሰማሁ፤ ለእኔ የሚስቁ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። አለቃችን ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነዋል፤ እሳቸውንም ሳቅ አሸነፋቸው ብዬ ተረጎምኩት።

«ይህን ያዘጋጀ ሰው ጫማ ገዝቶ አያውቅም» አልኩ። «ሁለት ዓመት የሚሄደውን ጫማ ስድስት ዓመት ከሚሄደው ጋር አስቀምጦ ይኸኛው ረከሰ ይላል። ሦስት ጊዜ ነው እኮ የሚገዛው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም ይህን የመሰለ ምሳሌ ከየት አመጣሁት ብዬ ራሴን እያደነቅሁ ወደ ተቃራኒዬ ዞርኩ።

ሚስቴ ጫማዬን እያየች ነበር።

ክው አልኩ። የእሑዱ ምሳ፣ የተቀመጠችው ሹካ፣ የአማቴ ትንታ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የገዛ ቃሏን ነው ከአፌ የሰማሁት። ሰማያዊው ሽፋንም የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ከታች ግን ካፍቴሪያው ነው ያለው።

ሰብሳቢዋ ወደ ሚስቴ ዞሩ። ይህን ጥናት ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት ወይ ብለው ጠየቋት። ደንቡ መመለስ ይከለክላታል፤ ዝም አለች። ዝም ስትል አዎን ያለች መሰለ። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት እስክሪብቷቸውን አንስተው መጻፍ ጀመሩ። ምን እንደሚጽፉ ማወቅ ነብይነት አይጠይቅም።

ፍትሕ ትዝ አለኝ ብላችሁ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ወንበሩ ነው። ያንተ ሆነ፣ ዝም በል ብቻ አለኝ ውስጤ። ዝም ማለት ደግሞ በሕይወቴ ሞክሬው አላውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅመኝ ቀን መጣልኝ። ቀጥሎ የመጡልኝ አማቴ ናቸው። አመሻሹ ላይ መጽሐፉን አቅፈው ወደ በሩ ዞረው የሚቀመጡት፣ የገባው ማን እንደሆነ በእርምጃ ለመለየት። እኔ ስሆን «መጣህ» ይላሉ፣ ደግ ናቸው፤ ግን መጽሐፉን ወዲያው አይሰጡኝም። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

«ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሰብሳቢዋ ያልሰሙ መሰሉ። ደገምኩላቸው፤ ጫማ ገዝቶ የማያውቀው ሰው እኔ ነኝ አልኩ። አለቃችን እጃቸውን ከፊታቸው አነሡ፣ ፋይላቸውን ዘጉ። ከውድድሩ መውጣቴ ነው፤ ማንም አልተናገረውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሰብሳቢዋ ሚስቴን ስህተቱን ቀድማ አይታው እንደሆነ ጠየቋት። ዓርብ አይቼዋለሁ አለች። ታዲያ እንዴት አልነገሩትም ሲሏት ደንቡ አይፈቅድልኝም፣ ቤትም ቃል አለን አለች። ከዚያ ትንሽ አመነታችና ፊቷ ቀላ።

«በጫማ ግን ነግሬዋለሁ» አለች። «ደንብ ጥሼ ከሆነ ይቅርታ።»

ሰብሳቢዋ አልገባቸውም። እንዲብራራላቸው ጠየቁ። ማን ያብራራ? እግሬን አንስቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ሶሉን አሳየኋቸው። የማስቲሹ ነገር አሁንም ይገርመኛል፤ ጠዋት ሙሉ ይዞ ቆይቶ እዚያች ላይ ለቀቀ። ሰብሳቢዋ ጎንበስ ብለው በደንብ አዩትና ደንቡ ስለ ጫማ የሚለው ነገር አለ ወይ ብለው አለቃችንን ጠየቁ። አለቃችን፣ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ የለም አሉ። በሥራ ዘመናቸው ደንባቸውን ሲያለሳልሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማማው እንደ ዕድሜው ሲቆጠር የነፋሱ ዋጋ ከፍ አለ። አሁንም ከኑክሌሩ ዝቅ ይላል፤ ግን እኔ የለፈፍኩት እኩሌታ የለም፣ ልዩነቱ ጠበበ። የጠበበውም ቢሆን ነፋስ የማይነፍስበት ቀን ከገመትነው ከበዛ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ኮሚቴው አልወሰነም። ማማ ሊተከልበት የታሰበው ኮረብታ ላይ ሰው ይውጣና ነፋሱን ይለካ፣ የጸጥታውን ቀን በትክክል ይመዝግብ፣ ከዚያ እናያለን አሉ። የክፍሉን ኃላፊነት ለሚስቴ ሰጡ። እሷም ኃላፊ ሆና የፈረመችው የመጀመሪያ ወረቀት ኮረብታው ላይ የሚወጣውን ሰው የሚመለከት ነው። ተቃውሞ ካለዎት ያቅርቡ አለችኝ፤ «እርስዎ» ነው ያለችኝ፣ ቢሮ ስለሆነ።

ኮረብታው ላይ አንድ የመለኪያ ምሰሶና አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለ። አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ፤ ውድ ነው፣ እግሬን ይልጠኛል፣ ሻጩ ሲለምድ ይለቃል ብሎኛል። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ቤት እደውላለሁ። አማቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ክፍት አድርገው እንዲያስቀምጡልኝ ተስማምተናል፤ አስተያየት እንዳልሰጥ ነው ስምምነቱ።

መጀመሪያ የደወልኩ ቀን ሚስቴ ገና ከቢሮ መግባቷ ነበር። ቦርሳዋን ስታስቀምጥ ሰማሁ። ወንበር ስባ ልትቀመጥ ስትል እናቷ ከለከሏት።

«እዚያ አይደለም» አሏት። «መስኮቱ ጋ ሁኚ፣ ልይሽ።»

ወንበሩ ሲጎተት ሰማሁ። ስንት ዘመን አንብቤላቸዋለሁ፣ አንድም ቀን መስኮቱ ጋ ሁን ብለውኝ አያውቁም። ሚስቴ ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ ማንም ሳያቋርጣት ገጽ ገለበጠች፣ ሌላም ገለበጠች። አንድ ቦታ ላይ ደራሲው የተሳሳተ መሰለኝና አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ከመሃል አማቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እዚያ ነፋስ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ወደ ምሰሶው አየሁ፤ ጫፉ ላይ ያለችው የነፋስ መለኪያ ጭልፋ አትዞርም። ሣሩም አይንቀሳቀስም። ትንሽ እንኳ ቢነፍስ ኖሮ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ አንዲት ቃል አልሰማም ነበር።

«የለም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይሰማሃል» አሉኝና ልጃቸውን ቀጥይ አሏት። እኔም መዝገቡን ስቤ ጸጥታ ብዬ ጻፍኩ። ለነፋሱ ወገን መጥፎ ቁጥር ነው። ማታውን ሙሉ እንደዚያው በሆነ ብዬ ግን ተመኘሁ።